ጠመንጃ መሻገር

አድማሴና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን መሥራት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። በሦስቱ ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የምንሠራበትን የሚለጠፍ ፕላስቲክ፣ ጥቅል ቪኒል፣ ስፈልግ ለሮቢ እነግረዋለሁ፤ ሮቢ ለእሱ ይነግረዋል፤ እሱ ያቀብላል፤ ሮቢ ይሰጠኛል። በመካከላችን ያለው ጠረጴዛ ስፋቱ ሁለት ክንድ አይሞላም። የወርክሾፑ ባለቤት ሮቢ አባቱ ከሱሪናም የመጣ፣ እሱ ግን እዚሁ ሆላንድ፣ ቭላርዲንገን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ነገር አይወድም። መጀመሪያ ሰሞን ይስቅብን ነበር፤ ኋላ ለመደን። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

እንዲህ ዓይንና ናጫ ከመሆናችን በፊት አድማሴን "ጋሼ" ነበር የምለው። የባለቤቴ የሞገስ ታላቅ ወንድም ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠዋል፤ አባታቸው ሲሞት ሞገስን ያሳደገው እሱ ነው። እርስዎ እለው ነበር፤ ሲገባ ከመቀመጫዬ እነሣ ነበር። እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። አሁን ግን በልቤ እንኳ አንተ ነው የምለው። አንዳንድ ቀን ከዚያም የባሰ እለዋለሁ።

ለምን እንደጠላሁት ልንገራችሁ፤ የማፍርበት ጥላቻ አይደለም።

ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ የሙከራ ጊዜዬን ገና ሳልጨርስ፣ ሞገስ ከተኛበት ከሮተርዳም ሆስፒታል ስልክ ተደወለልኝ። ነርሷ "አሁኑኑ ብትመጪ ይሻላል" አለች። እጄ ላይ የነበረውን እንዳለ ጥዬ ተነሣሁ። አድማሴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ ሞገስ እየሞተ ነው፤ ይምጡ እንሂድ" አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ቪኒል ላለብሰው ጀምሬ የተውኩትን ጠመንጃ አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ጠመንጃውን አየ። "አንቺ ሂጂ፤ እኔ ይህን ጨርሼ እደርሳለሁ" አለኝ።

ወንድሙ እየሞተ፣ ይህን ጨርሼ።

ሞገስ ሁለት ሰዓት ያህል በሩን እያየ ቆየ። "ጋሼስ?" ይላል። "እየመጣ ነው" እለዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ "እየመጣ ነው" አልኩት። አድማሴ የደረሰው ነርሶቹ ሞገስን ከሸፈኑት በኋላ ነው። ጣቶቹ ላይ የቪኒል ሙጫ ነበረ። በአንሶላው ላይ እጁን ሊያሳርፍ ሲል ያንን ሙጫ አየሁና እጁን ገፋሁት።

ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ ቤቴ መጣ። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ራሴ ነኝ። "ጠመንጃህን ጨረስክ?" አልኩትና ፊቱ ላይ ዘጋሁት። አንተ ያልኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሽማግሌ ተላከ፤ ቄሱ መጡ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለመነኝ። በሬን አልከፈትኩም። ወንድም የወንድሙን ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔም የፈለግሁት ያንኑ ነበር። በሰው መካከል ሲቀመጥ እንዲቆረቁረው፣ ሲተኛም እንዲቆረቁረው።

ሥራውን ግን አልለቀቅኩም። እሱም አልለቀቀም። ማን ለማን ብሎ ይለቃል።

ሥራችን መሸፈን ነው። የዳቦ ቤት ቫን፣ ጀልባ፣ ታክሲ፣ ሰው ያመጣውን ሁሉ በቪኒል እንሸፍናለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ጠመንጃ ነው። ከዴን ሃግ አንድ የጠመንጃ ነጋዴ ይመጣል፤ አዳኞች የሰጡትን ጠመንጃ በረጅም ሣጥን ቆልፎ ያመጣል። ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ከውስጡ አውጥቶ ኪሱ ይከታል፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ ያጋድማል፣ ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀምጦ ጋዜጣውን ይዘረጋል። ፈቃዱ የእሱ ስለሆነ ጠመንጃው ከአጠገቡ አይርቅም። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ ይዞት ይሄዳል።

እኛ ደግሞ ቅጠልና ሸንበቆ የታተመበትን ቡራቡሬ ቪኒል ከሰደፍ እስከ አፈሙዝ እናለብሰዋለን። ለአንድ አደን ወቅት የሚፈልግ አለ፣ ለሦስት የሚፈልግ አለ። ሲበቃው ይነቀልለታል፤ የአያቱ እንጨት እንደነበረ ይመለስለታል። የሥራው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሲለብስም ሲገፈፍም ጠመንጃው ምንም እንዳልሆነ መሆን አለበት። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ ቢላ አይሳብም። ውስጡ ክር ያለው ቴፕ አለ፤ አስቀድሞ ከሥር ይለጠፋል፣ ቪኒሉ ከላይ ይለብሳል፣ ከዚያ ክሩን ስትስቡት ቪኒሉን ብቻ ቆርጦ ይወጣል። በዚህ ክር የሚያክለኝ የለም። ሮቢ አዲስ ሠራተኛ ሲያመጣ "የየትነበርሽን እጅ ተመልከት" ነው የሚለው። ልኮራበት ይገባኛል፤ ኮርቼበትም ነበር።

ዘንድሮ ይህ እጅ ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገኝ ነበር። ልጄ ማናለብሽ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ናት፤ ስድስት ዓመት አላየኋትም። ኅዳር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ከሞላት በኋላ በሕጉ ዘንድ ልጄ መሆኗ ይቀርና ማንኛዋም ቪዛ ጠያቂ ትሆናለች። እሷን ለማስመጣት ያስገባነው የመጀመሪያው ማመልከቻ ሞገስ ሲሞት ወደቀ። ዴን ሃግ ያለችው ጠበቃዬ ሁለተኛውን አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፤ ቋሚ የሥራ ውል። ሦስት ዓመት በጊዜያዊ ውል ሠርቻለሁ፤ ሮቢ ቋሚውን ዓርብ እንድፈርም ቀጥሮኝ ነበር። የምነግራችሁ የዚያን ሳምንት ማክሰኞ ነው።

ነጋዴው በዚያ ማክሰኞ የሚሸፈን ሳይሆን የሚገፈፍ ጠመንጃ አመጣ። ሦስት ወቅት ለብሶ የኖረ ነው። ባለቤቱ ለልጁ ሊያወርሰው ስለሆነ እንጨቱ እንዲታይ ይፈልጋል። ሮቢ ለእኔ ሰጠኝ። በጋለ አየር ቪኒሉን አለሰለስኩት፣ ከሰደፉ ጫፍ በጥፍሬ አነሣሁት፣ ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ እየሳብኩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በአንድ ቁራጭ አወጣው ጀመር። ከሥሩ ዘይት የጠጣ የሚያምር የዋልነት እንጨት ወጣ። የግራ እጅ የሚይዘው የፊት እንጨት ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

እንጨቱ ተቆርጧል። አንድ ጣት የሚያህል የቢላ ቁስል ነው፤ ሲጀምር ጠልቆ ሲጨርስ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሳሳ። ቪኒሉ ላይ ምልክት አልነበረም። ማንም ያደረገው አድርጎ፣ አዲስ ቪኒል አልብሶበት ሦስት ዓመት ተቀምጧል።

ነጋዴው ጋዜጣውን አጠፈ። ነጭ ሰው ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ አድርጎ ለሮቢ "ይህ በእኔ በኩል ሲመጣ አልነበረም፤ ፎቶው አለኝ" አለው። ሮቢ የሥራ ካርዶቹን ሣጥን አወረደ። እያንዳንዱ ጠመንጃ ካርድ አለው፤ የሠራው ሰው ይፈርምበታል። የዚህኛው ካርድ ላይ ግን ሁለት ስም አለ፤ የእኔ ከላይ፣ የአድማሴ ከታች። ቀኑን አየሁት። ሞገስ የሞተበት ቀን ነው። ያ ጠመንጃ ነው። "ይህን ጨርሼ እደርሳለሁ" የተባለለት ጠመንጃ።

ሮቢ ካርዱን በሁለታችን መካከል አስቀመጠ። "ስሙኝ" አለ። "ቁስሉ በዘይት ይሸፈናል፤ እሱ አይደለም ችግሬ። ቆርጦ የደበቀ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ጠመንጃ አስነክቼ ፈቃድ ያለውን ሰውዬ ማጣት አልችልም። ማን ነው? ነገሩኝ። የሆነው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቫን እጥበት ይወርዳል። አንቺ ከሆንሽ፣ የትነበርሽ፣ የዓርቡን ቫስት ኮንትራክት፣ ቋሚውን ውል፣ እርሺው። ለእጥበት ቫስት አልሰጥም።"

ደሜ ፈላ። ወንድሙን ለጠመንጃ የተወ ሰው ጠመንጃውንም በቅጡ አልሠራውም ነበር ማለት ነው። ሲቸኩል ቆርጦት፣ ሸፍኖት፣ አሁን ደግሞ በእሱ ጥፋት ልጄ ልትቀርብኝ ነው። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አነጋገርኩት።

"ተናገር" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፀጉሩ እንዴት እንደነጣ ያኔ ነው ያየሁት።

"እንዳባትህ አገር ደንብ ጠመንጃውን ተሻገርና ማል።"

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁለታችንም የመንዝ ልጆች ነን። እኛ አገር ነገር አልጠራ ሲል፣ ምስክር ሲጠፋ፣ ጠመንጃ መሬት ላይ ይጋደማል። የተጠረጠረው ሰው የሚምለውን ይምልና በላዩ ይሻገራል። ያልበደለ ተሻግሮ ነጻ ይወጣል። ዋሽቶ የተሻገረ ግን ጠመንጃው ይበላዋል፤ እሱን ባያገኘው ዘሩን ያገኘዋል። አጎቴ ዋሽቶ የተሻገረ ሰው ያውቅ ነበር፤ ሦስት ልጅ ቀብሯል። አትመኑ፤ እኔ ግን አምናለሁ። አድማሴም ያምናል። አውሮፕላን ተሳፍረን መጣን እንጂ ሌላ ሰው ሆነን አልመጣንም።

ለሮቢ በደች ቋንቋ አስረዳሁት። "ሲኦል ግቡ" ይለኛል ብዬ ነበር፤ ራሱን አከከና "ቢያንስ እየተነጋገራችሁ ነው" አለ። ወደ ነጋዴው ዞሮ ጠየቀው። ነጋዴው ሁለታችንን አፈራርቆ አየን። ጠመንጃውን አንሥቶ ባዶ መሆኑን እንደገና አየ፣ ኪሱን ዳሰሰ፣ ከዚያ የሣጥኑን ወፍራም ጨርቅ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈና አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ አጋደመው። ወንበሩን አስጠግቶ ከጎኑ ተቀመጠ። "ማንም እንዳይነካው፤ እንዳይረግጠውም" አለ።

"በል" አልኩት አድማሴን። "እንዲህ በል፤ ይህን እንጨት እኔ አልቆረጥኩም፣ ማን እንደቆረጠውም አላውቅም፤ ብዋሽ ይህ ይብላኝ። በልና ተሻገር።"

አድማሴ ጠመንጃውን አየው። አንድ እርምጃ ቀረበ። ቆመ። የሥራ ጨርቁን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ነበር።

"አልምልም" አለ።

"ለምን?"

"አልምልም አልኩሽ።"

ሳቄ መጣ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር እጄ የገባ መሰለኝ። ለሮቢ "አየኸው? አልምልም አለ" አልኩት። ሮቢ ምንም አልገባውም፤ "አለመማል ማስረጃ ነው እንዴ?" ይላል። "ቆይ፣ እኔ ስሻገር እይ" አልኩት። ጫማዬን አወለቅኩ። ጠመንጃ በጫማ አይሻገሩትም። በካልሲዬ ሲሚንቶው ላይ ቆምኩ፤ ይበርዳል።

"ይህን እንጨት እኔ አልቆረጥኩም" አልኩ ጮክ ብዬ። "ማን እንደቆረጠውም ያላየሁ ነኝ። ብዋሽ ይህ ይብላኝ፤ ብዋሽ ማናለብሽን—"

ቀኝ እግሬን አነሣሁ።

አድማሴ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ከነጠመንጃው ከእግሬ ሥር ሳበው። በስድሳ ዓመቱ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አላስብም ነበር። ነጋዴው ከወንበሩ ዘሎ ጠመንጃውን ቀማው፤ ሮቢ በመካከላችን ገባ፤ እኔ ባንድ እግሬ ተንገዳግጄ ጠረጴዛውን ያዝኩ። አድማሴ መሬት ላይ እንደተንበረከከ ለሮቢ በደች "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አለው።

ሮቢ ካርዱን ከጠረጴዛው አነሣ። አድማሴ እሱ ጋ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። "ለምን አልነገርከኝም?" አለው።

"አፈርኩ።"

"ወደ እጥበት ውረድ በል" አለ ሮቢ። ፊቱን አዙሮ ነው ያለው።

አድማሴ መሣሪያውን በሥርዓት ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። የቪኒል ማለስለሻውን ጠረገው። ከዚያ ወርክሾፑ ጀርባ፣ ቫኖቹ ቪኒል ከመልበሳቸው በፊት ወደሚታጠቡበት ቦታ ሄደ። እኔ ጫማዬን አጠለቅኩ። አሸንፌያለሁ። እንዳሸነፈ ሰው ግን አልሆነልኝም። ጥፋተኛው እሱ ከሆነ፣ እኔ ብሻገር ምን ቸገረው? ንጹሕ ሰው ቢሻገር ጠመንጃ ምን ያደርገዋል?

ተከትዬው ሄድኩ።

ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ውኃ እየቀዳ ነበር። "ለምን አስቆምከኝ?" አልኩት።

"ሥራሽን ሥሪ።"

"ለምን አስቆምከኝ?"

የቧንቧውን ውኃ ዘጋ። "የቆረጥሽው አንቺ ነሽ" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"ውሸታም።"

"ስልኩ ሲጮኽ ቢላው እጅሽ ላይ ነበር።"

"እኔ በቢላ አልቆርጥም። በክር ነው የምቆርጠው። አገር ያውቃል።"

"ክሩን የተማርሽው በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ክር መኖሩንም አታውቂ።"

ክሩን ያስተማረኝ ሮቢ ነው። የሞገስ ሙት ዓመት ባለፈ በሳምንቱ ነው ያስተማረኝ።

"ስልኩን ልታነሺ ዘወር ስትዪ ቢላው አብሮሽ ዞረ" አለ አድማሴ። ድምፁ ካርድ የሚያነብ ይመስል ነበር። "እንጨቱን ሲበላው ሰማሁት። አንቺ አልሰማሽም፤ እንዴት ትሰሚያለሽ። ሰውየው ጋዜጣውን እያነበበ ነው። ፕሩፍታይድሽ፣ የሙከራ ጊዜሽ፣ ላይ ነሽ፤ ቀና ብሎ ቢያየው በዚያው ቀን ያባርሩሽ ነበር። የማናለብሽን ወረቀት ያስገባችሁት በዚያ ወር ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሸፍኜው ልከተልሽ ነበር። ቁስሉ ላይ ቪኒሉ አልይዝ አለኝ፤ አረፋ እየሠራ ተነሣብኝ። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ አለበስኩት።"

ሦስት ጊዜ። እኔ እዚያ "እየመጣ ነው" ስል፣ እሱ እዚህ እየነቀለ ያለብስ ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"በር ዘጋሽብኝ።"

"ከዚያስ በኋላ? ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ?"

አሁን ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ይቅርታ አልነበረም፤ እንዳትሳሳቱ። "አንቺን ላተርፍ ብዬ ወንድሜን በሕይወት ሳላየው ቀረሁ" አለኝ። "ባየሁሽ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው። አንቺ ብቻ የጠላሽ መስሎሻል?"

ውኃው ከባልዲው አፍ እየተንጠባጠበ ነበር።

"ተሻግረህ መማል ትችል ነበር" አልኩት። "አልቆረጥክም።"

"'ማን እንደቆረጠውም አላውቅም' በል አልሽኝ። አውቃለሁ።"

"እና እኔን ለማዳን—"

"አንቺን አይደለም" አለ። "በማናለብሽ ስም እግርሽን አነሣሽ። የወንድሜ ልጅ ናት። ከእሱ የቀረኝ እሷ ናት። አንቺማ ብትሻገሪ ባትሻገሪ ጉዳዬ አይደለም። በይ ሂጂ፤ ቫኑን ላጥብበት።"

ተመለስኩ። ነጋዴው ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ ለመመለስ እየጠራረገው ነበር። አንዴ እንዳየው ለመንኩት። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመልኝ፤ እንደዚያን ቀን። በግራ እጄ እንጨቱን ያዝኩ፣ በቀኝ ባዶ እጄ ቢላ እንደያዘ ሰው ቁስሉን ከጥልቁ ጀምሬ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጄ በራሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ቀና ብዬ አየሁ። በስተቀኝ በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኬን የማስቀምጥበት መደርደሪያ አለ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እኔ ነኝ እሷ። በልጄ ስም በሐሰት ልምል አንድ እግሬ አየር ላይ ነበር፤ የማትወልድ ጠላት እንኳ የማያደርገውን በልጄ ላይ ላደርግ ነበር። የነጋዴው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ውኃ አመጣልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ዓርብ ሮቢ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለት ቅጂ፣ ስሜ ከነአባቴ በትክክል ተጽፎ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። "ሮቢ" አልኩት፣ "ያ ጠመንጃ—"

"አለቀ እኮ" አለኝ። "ሰውየው በዘይት አሽቶታል፤ ባለቤቱም ይሁን ብሏል። አድማሴን አላባርረውም፤ አትፍሪ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ቃሉም በደች ተሰናድቶ ምላሴ ላይ ነበር። ሦስት ቃል ነው፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ጠበቃዋ ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ትጠብቃለች። የማናለብሽ ልደት አርባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ የምታደርጉትን ታውቃላችሁ፤ እኔም ያደረግሁትን አውቃለሁ። ፈረምኩ። ስሜን እንደ ሁልጊዜው አሳምሬ ጻፍኩ፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ጀርባው ሄድኩ። አድማሴ ከአንድ የአበባ ቫን ጎማ ሥር ተንበርክኮ በጨርቅ የቫኑን ጠርዝ ጠርዝ ያሻል። እዚያ ጋ ቆሻሻ ከቀረ ቪኒሉ በሳምንቱ ይነሣል። ከጉልበቱ ሥር ካርቶን አንጥፏል፤ ካርቶኑ ርሷል። በስድሳ ዓመቱ፣ በእኔ እጅ ጥፋት፣ ተንበርክኮ። ልወደው ሞከርኩ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያ ቆሜ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ሦስት ዓመት የበላሁት ጥላቻ በአንድ ሳምንት ከሰውነቴ አይወጣም። እሱም ቀና ብሎ አላየኝም።

"ፈረምኩ" አልኩት።

"ጥሩ" አለ ለጎማው።

መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በር የዘጋሁበት ቀን ትዝ አለኝ። በእጁ አንድ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ፊቱ ላይ ስዘጋው ያንን ዳቦ ከደረቱ ላይ አላወረደውም ነበር። ይዞት ወዴት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም።

"ነገ ይምጡ" አልኩት።

እጁ ቆመ።

"ሞገስ ሲሞት ስለ እርስዎ የጠየቀኝን እነግርዎታለሁ" አልኩት። "በሩ ይከፈታል። ለቅሶዎን ይድረሱና ይውጡ።"

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ከተተው። እጁን በሱሪው አደረቀ፤ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን ጎን፤ ብዙ አደረቀው።

"ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለኝ።